አባትሽን ክፈቺልኝ

እናቴ የስልክ ነገር አይገባትም። ማንበብም አትችልም። ግን እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ፣ ነጠላዋን ሳታወርድ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ትልና «አባትሽን ክፈቺልኝ» ትለኛለች። እኔም እጄን ጠራርጌ እከፍትላታለሁ።

አባቴ ከሞተ ሁለተኛ ዓመቱን እየያዘ ነው። ድምፁ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው። እህቴ ስታገባ ድንኳን ውስጥ ቆሞ ሙሽሮቹን ሲመርቅ በስልኬ ቀርጬው ነበር፤ እሱ ላይ ብቻ። ያንን ስልክ ደግሞ ቃሊቲ መናኸሪያ ታክሲ ልሳፈር ስጋፋ ከቦርሳዬ ላፍ አደረጉት። የወሰደው ሰው እጁ አይባረክ! ደግነቱ ቪዲዮውን ቀደም ብዬ ቻናሌ ላይ ጭኜው ነበር። ስለዚህ አባታችን የሚኖረው ኢንተርኔት ውስጥ ነው። ጥቅል ስንገዛ ይመጣል፣ ጥቅል ሲያልቅ ይሄዳል።

ቻናል ስል ደግሞ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። እኔ ቂሊንጦ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ሰፊ ነኝ። ከሥራ መልስ ዚፕ እንዴት እንደሚገባ፣ የቀሚስ አንገት እንዴት እንደሚዞር እያሳየሁ እጭናለሁ። የሚያየኝ ሰው ብዙ አይደለም፤ ግማሹ የፋብሪካው ልጆች ናቸው። ከሁሉም ቪዲዮ የተወደደው ግን የአባቴ ምርቃት ነው። የማላውቀው ሰው ሁሉ ሥር ሥሩን «አሜን፣ አሜን» እያለ ይጽፍበታል።

ቢወደድ አይገርምም። አባቴ የዚሁ የአካባቢው ገበሬ ልጅ ነው። ዛሬ መጋዘን የቆመበት ቦታ ላይ ጤፍ ዘርቷል፤ በኋላ እዚያው መጋዘን ጥበቃ ሆኖ ተቀጠረ። ሲመርቅ ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ነው። «ሆራ ቡላ» ብሎ እንዲበዙና እንዲኖሩ ሲመርቅ ድንኳኑ «ሀዬ!» ይላል፤ «ውለዱ፣ ክበዱ» ሲል «አሜን!» ይላል። ከጀርባው ግን ዲጄው ሙዚቃውን ለቆታል። በየሠርጉ የሚከፈተው የታወቀ የድሮ የሠርግ ዘፈን ነው። ቀንስ ብዬ በእጄ ስለምነው፣ የወደድኩት መስሎት ጨመረው። አይ ዲጄ!

መጨረሻ ላይ አባቴ ወደ ካሜራው ዞር ይልና ለእኔ አንድ ነገር ይላል። እሱ ግን አይሰማም፤ እልልታውና ስፒከሩ ውጠውታል። መቼም ምን እንዳለ አውቀዋለሁ። አባቴ ካሜራ ጠላቱ ነበር። ስልኬን ባነሳሁ ቁጥር «አጥፊው ይሄን ነገር» ማለት ልማዱ ነው። ምርቃቱን ጨርሶ ልማዱን ተናገረ፣ በቃ። ለዚህ ብዬ እናቴን ጠይቄያት አላውቅም፤ የዚያን ቀን ነገር ከተነሳ ቀኑን ሙሉ ታለቅሳለች።

አንድ እሁድ ታዲያ እንደ ወትሮዋ ተቀመጠች፤ «አባትሽን ክፈቺልኝ» አለች። ነካሁት። ጥቁር። እንደገና ነካሁት። ጥቁር ሆኖ አንድ ጽሑፍ ብቻ መጣ፤ ቪዲዮው ውስጥ ያለው ዘፈን ባለመብት ስላለው በሁሉም አገር ታግዷል ይላል።

«ኔትወርክ ነው?» አለችኝ እናቴ።

«አዎ፣ ኔትወርክ ነው» አልኳት። ምን ልበላት? ባልሽን አገዱት ልበላት?

ሳምንቱን ሙሉ ከራሴ ጋር ስጣላ ሰነበትኩ። እንዴት ያግዱኛል? እኔ እኮ ከቪዲዮው ሥር «የዘፈኑ መብት የባለቤቱ ነው» ብዬ ጽፌያለሁ! ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚጽፈው፤ እኔም እንደ ሁሉም ሰው ያንን ከጻፍኩ የሚነካኝ አይመስለኝም ነበር። በምሳ ሰዓት የፋብሪካው ግቢ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ደንቡን ማንበብ ስጀምር ነው ጉዴ የወጣው። ለካ የሰው መሆኑን መናገርና ፈቃድ ማግኘት የተለያዩ ናቸው። የጎረቤትን ዶሮ ወስዶ ሠርቶ በልቶ «ይህቺ ዶሮ የጎረቤቴ ናት» ብሎ በር ላይ መለጠፍ ማለት ነው። ጥቂት ሰከንድ ከሆነ ይፈቀዳል የሚሉትም ወሬ ነው። ምስሉን የቀረጽኩት እኔ ስለሆንኩ ምስሉ የእኔ ነው፤ ውስጡ የገባው ዘፈን ግን የእኔ አይደለም። ዲጄው ከፈተው እንጂ እኔ አልከፈትኩትም ብትል የሚሰማህ የለም።

እኛ ሰፈር ሰው ስልኩን የት ማንሳት እንደሌለበት ያውቃል። በማረሚያ ቤቱ አጥር በኩል ስታልፍ ስልክህን ኪስህ ትከታለህ፤ ብትረሳ እንኳ ጠባቂው ከሩቅ በእጁ «ዝቅ አድርገው» ይልሃል። ኢንተርኔት ላይ ግን ዝቅ አድርጊው የሚል ሰው አልነበረም። ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ ቆይቶ አንድ ቀን ይዘጋል።

እውነቱን ለመናገር ይህንኑ ሕግ አመስግኜው አውቃለሁ። አንዷ የዚፕ ትምህርቴን እንዳለ ወስዳ፣ ድምፄን አጥፍታ የራሷን ሙዚቃ ጭናበት አገኘሁ። አመለከትኩ፤ አወረዱባት። ያን ቀን ሕጉን የጻፈውን ሰው እጁን ይባርከው ብዬ ለጓደኞቼ ማኪያቶ ጋብዣለሁ። የራስን ነገር ማስመለስ ደስ ይላል እኮ! አሁን ደግሞ እኔው ወሳጅ ተባልኩ።

መቃወም ይቻላል፤ ተቃውሞ ማስገቢያው እዚያው ቁጭ ብሏል። ግን ባለመብቱ እምቢ ካለና ነገሩ ከገፋ ቪዲዮው ጭራሽ ይወርዳል፤ ቻናሉም ላይ ቅጣት ይያዝበታል። ወደ ስልኬ ላውርደው ብል ደግሞ የታገደ ነገር አይወርድልሽም አለኝ። ሌላ ቅጂ የለኝም። ነካክቼ አባቴን ሁለተኛ ብቀብረውስ? ጣቴ ከመቃወሚያው በላይ ይቆምና ይመለሳል።

ጥቅል ልገዛ ባለሱቁ ጋ ሄድኩ። ባለሱቁ የስልጤ ሰው ናቸው፤ ከአባቴ ጋር በርጩማ አውጥተው ሲጫወቱ የኖሩ።

«ምነው ፊትሽ ጠቆረ?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና «ዘፈኑ የማን ነው?» አሉ። ስሙን ነገርኳቸው።

«ወላሂ አውቀዋለሁ! ሳሪስ ነው ቤቱ። ወንድሜ ሱቅ ነው የሚገዛው። በይ ሽማግሌ እንላካ!»

ሳቄ መጣ። «ጋሼ፣ ለኢንተርኔት ሽማግሌ ይላካል እንዴ?»

«ሰው አይደለም ያገደሽ?» አሉ ኮስተር ብለው። «ሰው ከሆነ ይለመናል።»

እንግዲህ ሌላ የተሻለ ነገር ያመጣ ስላልነበረ ቅዳሜ ተነሳን። የእድራችን ዳኛ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ባለሱቁ ነጭ ኮፍያቸውን አጥበው፣ እኔ ከኋላ። በሩን የዘፋኙ ሚስት ከፈተችው። ባለ ጋቢ ሽማግሌዎች ቆመው ስታይ ክው አለችና «ግቡ፣ ግቡ» ብላ ወደ ውስጥ ሮጠች። ከጓዳ «ቶሎ ወንበሩን አስተካክዪ!» ስትል፣ ቀጥሎም አንዲት ልጅ «እኔ አላገባም አልኩ እኮ!» ስትል ተሰማ። ከንፈሬን ነክሼ ቆምኩ።

ዘፋኙ ቀበቶውን እያጠበቀ ወጣ። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ድሮ በቴሌቪዥን የማውቀው መልክ ግን አለ።

«ተቀመጡ እንጂ አባቶች» አለ።

«የመጣንበትን ሳትፈጽምልን አንቀመጥም» አሉ የእድር ዳኛው፤ እንደ ወጉ።

ሰውዬው ላቡ መጣ። «ልጄ እኮ ገና ተማሪ ናት…»

«ልጅህን አይደለም» አሉ ባለሱቁ። «ዘፈንህን ነው።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጓዳ ያለችው ልጅ ሳትቀር ሳቀች። ከዚያ ተቀመጥን፤ እኔም ሁሉንም ነገርኩት፤ ሠርጉን፣ ምርቃቱን፣ የጠፋውን ስልክ፣ እሁድ እሁድ የምትቀመጠውን እናቴን። ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ።

«የአባትሽ ምርቃት በእኔ ዘፈን ታገደ?» አለ። «እኔ ፈቅጃለሁ! ይኸው በሽማግሌ ፊት ፈቅጃለሁ። ከፈለጋችሁም ቆሜ እለዋለሁ።» እውነትም ተነስቶ ቆመ።

ባለሱቁ «አላልኩሽም?» በሚል ዓይን አዩኝ። ዘፋኙ ግን አልተቀመጠም፤ መስኮቱ ጋ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶን ቆየ።

«ግን የእኔ ፈቃድ ምን ይሠራል?» አለ። «ካሴቱን ስሠራ ዘፈኑን ሸጬዋለሁ። የገዛኝ ሰው ለሌላ ሸጠ። ሌላው ዘፈን ኢንተርኔት ላይ ለሚያሰራጭ ድርጅት ሰጠ። ያን ጊዜ ኢንተርኔት የሚባል ነገር መኖሩን ማን ያውቃል? ባለፈው እዚሁ ሳሎን ቁጭ ብዬ ክራሬን ይዤ ዘፈንኩትና ጫንኩት። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? የሰው ዘፈን ነው አሉኝ!»

ሊስቅ ሞከረ። ሚስቱ አልሳቀችም፤ ትሪውን አስቀምጣ ትከሻውን ነካ አድርጋው አለፈች። እኔ እሱን ባለመብት ብዬ ልለምነው ሄጄ ከእኔ የባሰ ሆኖ አገኘሁት። አንጀቴን በላው።

ቢሆንም አልተወንም። ድርጅቱ ጋ ደወለና ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገው። አንድ ወጣት አነሳው። ዘፋኙ አስረዳው፤ ልጁም «እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ» እያለ አዳመጠ። ከዚያ ከእኔ ጋር አገናኘው።

«እህቴ፣ ሰው ተቀምጦ አይደለም ያገደው» አለኝ። «ማሽኑ ዘፈኑን በሰማበት ቦታ ሁሉ ራሱ ያግዳል።»

ደሜ ፈላ። «አባቴ ነው እኮ! የሞተ ሰው ነው! ማሽናችሁ የሞተ ሰው ምርቃት አይሰማም?»

ልጁ «ነፍስ ይማር» አለ ቀስ ብሎ። «እሱ ዘፈኑን እንጂ ሌላ ነገር መስማት አይችልም። የአንቺን ብለቅ የሌላውን ሠርግ እንዴት አግዳለሁ? ሁሉም አባት አለው። ለጋሼም አልፎ አልፎ የምትደርሰው ሳንቲም በዚሁ መንገድ ነው የምትመጣው።»

ዘፋኙን ቀና ብዬ አየሁት። አቀርቅሮ ክራሩን ይነካካል።

«አንድ ነገር ልምከርሽ» አለ ልጁ። «ተቃውሞ አታስገቢ። እዚህ ሲደርስ እምቢ ይሉሻል፤ ያኔ ጭራሽ ይወርድብሻል። ዘፈኑን ብቻ ለይቶ የሚያጠፋ ነገር አለ፣ እሱን ሞክሪ። ካልለየልሽ ግን ድምፁን አጥፊው፤ ምስሉ ይመለሳል።»

ልሰድበው አፌን አዘጋጅቼ ነበር። ግን ለስድብ የማይመች ልጅ ሆነብኝ፤ ከልቡ ነው የሚያወራው። «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብዬ ስልኩን መለስኩ። ስንወጣ ዘፋኙ እስከ አስፋልቱ ሸኘን፤ እገዳው የእሱ ጥፋት ይመስል ሦስቴ ይቅርታ አለኝ። የእድር ዳኛው ከታክሲ ሲወርዱ «ሰው ቢሆን ኖሮ እናሸንፈው ነበር» አሉኝ።

ቤት ገባሁና ልጁ ያለኝን ሞከርኩ። ማሽኑ ዘፈኑን ከአባቴ ድምፅ መለየት አቃተው። ለነገሩ እውነቱን ነው፤ እኛም ድንኳኑ ውስጥ አቅቶን ነበር። የቀረው ድምፁን በሙሉ ማጥፋት ነው። ያኔ ለእናቴ እውነቱን ነገርኳት፤ ኔትወርክ እንዳልሆነ፣ ዘፈኑ እንደሆነ፣ ሽማግሌ እንደላክን።

«ለዘፈን?» አለችና ትንሽ ፈገግ አለች። ከዚያ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ ቆየች። «አጥፊው በቃ» አለች። «መልኩ ይምጣልን።»

ድምፁ አንዴ ከጠፋ መመለስ እንደማይቻል ነግሮ፣ ማሽኑ እርግጠኛ መሆኔን ጠየቀኝ። በምን ነገር እርግጠኛ ሆኜ አውቃለሁ? ዓይኔን ጨፍኜ ነካሁት። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጥቼ፣ ልብስ ማስጫው ሥር ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አባቴን የቀበርን ቀን ራሱ እንደዚያ አላለቀስኩም፤ ያን ቀን እንግዳ ማስተናገድ ነበረብኝ።

በሚቀጥለው እሁድ እናቴ መጣች፤ ተቀመጠች። «አባትሽን ክፈቺልኝ።»

ከፈትኩላት። አባቴ ድንኳኑ መሃል ቆሟል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ እጁ ይነሳል፣ ሰዎቹ አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ቤታችን ውስጥ ግን የሚሰማው ከመንገድ የሚመጣው የከባድ መኪና ጩኸት ብቻ ነው። ማየት አቃተኝ። ልዘጋው እጄን ስሰድ እናቴ መናገር ጀመረች።

«ሆራ ቡላ» አለች። የአባቴ እጅ ስክሪኑ ላይ ወደ ላይ ተነሳ። «ውለዱ፣ ክበዱ። ቤታችሁ እንግዳ አይጣ። ክፉ ዓይን አይያችሁ።» እጁ ሲወርድ ቃሉም ያልቃል፤ እጁ ሲነሳ ትቀጥላለች። አንድም ቦታ አልሳተችም። ከእሱ ጋር ዕድሜዋን ሙሉ ስትመርቅ የኖረች ሴት ናት፤ እኔ ድምፁን ፍለጋ ሳሪስ ድረስ ስሄድ ቃሉ እዚህ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጧል!

«እማ፣ ቆይ! ቁሚ! ልቅረጽሽ!» አልኩ።

«እኔን ምን ያደርግልሻል?»

«ድምፅሽን ነው የምፈልገው። ድምፅሽ የማንም አይደለም።»

መስኮት ዘጋን፣ በር ዘጋን። ከባለሱቁ ቤት ነሺዳ፣ ከጎረቤት መዝሙር፣ ከመንገዱ የባጃጅ ዘፈን ይመጣል። ሮጬ ወጥቼ ባለሱቁን ለመንኳቸው። ሬዲዮናቸውን ጠርቅመው መዝጋት ብቻ አይደለም፤ በርጩማቸውን ይዘው ቅያሱ አፍ ላይ ቁጭ አሉና የሚያልፈውን ባጃጅ ሁሉ «ዝጋ! ዝጋው! ምርቃት አለ!» ማለት ጀመሩ። መዝሙር የከፈተችው ጎረቤታችንም ራሷ ዘጋች። ሰፈራችን እንደዚያ ጸጥ ብሎ ሰምቼው አላውቅም።

ምስሉን ከመጀመሪያው ከፈትኩ። ከባለሱቁ የተዋስኩትን ስልክ ከእናቴ አፍ አጠገብ ያዝኩ። እሷም ዓይኗን ከአባቴ ሳትነቅል ጀመረች፤ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ ልክ እንደ እሱ እያቆመች። ሙሽሮቹ ጎንበስ አሉ፤ ጭንቅላታቸውን ዳሰሰ። አባቴ ወደ ካሜራው ዞረ። እዚህ ጋ ያልቃል ብዬ መቅረጫውን ላጠፋ ጣቴን አነሳሁ፤ ከዚህ በኋላ ያለው «አጥፊው» ነውና።

እናቴ ግን አላቆመችም።

«ይቺ ደግሞ» አለች። «ይቺ ደግሞ ሁልጊዜ ሰውን ስትቀርጽ እሷን የሚቀርጻት የለም። ለእሷም ፈልጎ የሚያያት ዓይን ይስጥልኝ።»

ስክሪኑ ላይ የአባቴ አፍ ተዘጋ። አሁንም እያየኝ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ «አጥፊው» ያለኝ መስሎኝ!

እናቴ ጠበቀች። ጠበቀችና ወደ እኔ ዞረች። «ምነው ዝም አልሽ?» አለች ተቆጥታ። «እየመረቀሽ እኮ ነው። አሜን አይባልም?»

እገዳው የተነሳለትን ምስል አውርጄ፣ የእናቴን ድምፅ አስገብቼበት በዚያው ቀን ጫንኩት። ማሽኑ መረመረው፤ የሰው የሆነ ምንም ነገር አላገኘበትም። ምስሉ የአባቴ ነው፣ ድምፁ የእናቴ ነው። መጨረሻ ላይ አፍንጫዋን እየሳበች፣ በጣም ዘግይታ «አሜን» የምትል ሴት ትሰማለች። እኔ ነኝ።